በእርሳስ የተጻፉት አራት መስመሮች

ሹራቡ የጎረምሳው ደረት ላይ ደርሶ ቆመ። ልጁ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ እንደዘረጋ፣ ጭንቅላቱ ገና ከአንገትጌው ሳይወጣ፣ በሁለቱ የሹራብ ማሽኖች መካከል ቀጥ ብሎ ቀረ።

«አልገባም» አለ ከውስጥ። ድምፁ በክሩ ታፍኖ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«እስቲ ተንፍስና ሆድህን ሳብ አድርገው» አለው ሹራቦቹን ያዘዘው ትምህርት ቤት ንብረት ያዥ።

«ሆዴን አይደለም የያዘኝ፣ ደረቴን ነው።»

ሚጣ ገና ከትምህርት ቤት መግባቷ ነበር፤ ጥጉ ላይ ያለ የክር ካርቶን ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች። ሳቋ መጣባት፤ ወደ እናቷ ዞር ስትል ግን ሳቁ እዚያው ጠፋ። እናቷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጎረምሳው ጀርባ ላይ ዘርግታለች። አንዴ ለካች፤ ደግማ ለካች። ከዚያ ሜትሩን ጣቷ ላይ ቀስ እያለች ጠቀለለችው።

«አርባ ስድስት ነው» አለች። «ሃምሳ መሆን የነበረበት።»

ልጁን ከሹራቡ ለማውጣት ሁለት ሰው ፈጀ። ፀጉሩ ቆሞ፣ ጆሮው ቀልቶ ወጣና ጥፋቱ የደረቱ ይመስል ይቅርታ ጠየቀ። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ለክተው ነበር። አርባ አራት ቁጥር የለካችው «ትንሽ ያዝ አደረገኝ» ብላ አልፋለች። አርባ ስምንት የለካው ደግሞ እንደ ፊኛ ተወጥሮ እያዩት «ክር ነው፣ ይለቃል» ተባብለው አለፉት። አሁን ግን የሚባል ነገር አልቀረም።

ንብረት ያዡ ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም ከጠዋት ጀምሮ ሲዞር የዋለ፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ሰው ነው። ብርዱ ሳይገባ ልጆቹ ሹራብ ማግኘት እንዳለባቸው፣ አለቃው በየቀኑ እንደሚጨቀጭቀው፣ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ሥራውን ወደ ሌላ ቤት ለመውሰድ እንደሚገደድ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። ሦስቱን ልጆች አስከትሎ ሲወጣ ጎረምሳው ከበሩ መለስ ብሎ «ቀለሙ ግን አሪፍ ነው» አለ፤ ማጽናናቱ ነው።

በሩ ሲዘጋ እናቷ በርጩማዋ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ትልልቆቹ ሹራቦች አሥራ ስምንት ናቸው። ፊትና ጀርባቸው ሲቆጠር ሠላሳ ስድስት ቁራጭ ሥራ ማለት ነው።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ በግራው ማሽን ፊት ወደተቀመጡት ሴት ዞራ፣ «ለሃምሳው ስንት መርፌ ነበር ያነሡት?»

«ካርዱ ላይ ያለውን ነው» አሉ እትዬ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ያነሣሁ መስሎኝ ነበር እንግዲህ» አሉ።

እትዬ የሥጋ ዘመድ አይደሉም። ግን ሚጣ ነፍስ ካወቀችበት ጊዜ ጀምሮ ከግራው ማሽን ፊት ያለውን ወንበር ያለ እሳቸው አይታው አታውቅም። እናቷ በቀኙ ማሽን እጅጌ ትሠራለች፣ የተሠራውንም ትሰፋለች፤ እትዬ በግራው የሹራቡን ፊትና ጀርባ ይሠራሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነው ኖረዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የእትዬ ዓይን ቀኑ ሲገፋ ዕንባ ያቀርራል። የመነጽራቸው አንዱ እግር በክር የታሰረ ነው።

ካርዱ የሚባለው ከግራው ማሽን በላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርቶን ነው። በግራ በኩል የሹራቡ ስፋት በሴንቲሜትር፣ በቀኝ በኩል ለዚያ ስፋት ማሽኑ ላይ የሚነሡት መርፌዎች ብዛት ተጽፎበታል፤ የተነሣው መርፌ በበዛ ቁጥር ሹራቡ ይሰፋል። ሠላሳ፣ ዘጠና አራት። ሠላሳ አንድ፣ ዘጠና ሰባት። ሠላሳ ሁለት፣ መቶ። እንዲህ እያለ እስከ አርባ ሁለት ይወርዳል። ሥራው በተጀመረበት ዓመት እናቷ በእስክሪብቶ የጻፈችው ነው። ከዚያ ወዲህ የነካው አልነበረም፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ይህ ትልልቅ ተማሪዎች ያሉበት ትምህርት ቤት ሥራ እስኪሰጥ ድረስ። ያኔ የእናቷ እጅ በእጅጌ ሥራ ተይዞ ስለነበር፣ ሚጣን «አንቺ ተማሪ አይደለሽ፣ ካርዱን እስከ ሃምሳ ድረስ ሙዪልኝ» አለቻት።

ሚጣም ካርዱን አውርዳ አየችው። የቀኙ ቁጥር መቶ ሃያ አንድ፣ መቶ ሃያ አራት፣ መቶ ሃያ ሰባት፣ መቶ ሠላሳ እያለ በሦስት በሦስት ይጨምራል። የታዘዙት ደግሞ አርባ አራት፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ስምንትና ሃምሳ ናቸው። እርሳሷን አውጥታ ከመቶ ሠላሳ ሥር 133፣ 136፣ 139፣ 142 ብላ ጻፈች፤ አዛጋች፤ ካርዱን ቦታው መልሳ ሰቀለችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም።

አሁን ስለ ካርዱ ያሰበ አልነበረም። ካርዱ ለእነሱ ከግድግዳው የተለየ ነገር አይደለም፤ ግድግዳ ደግሞ አይጠረጠርም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሲሳሳት የታየው እጅ ነው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ እትዬ አንድ ጀርባ ላይ አራት መርፌ ረስተው ያውቃሉ። እናቷ ያንን አላነሣችም። ላለማንሣት ከንፈሯን ስትነክስ ግን ሚጣ አየች፤ እትዬም አዩ።

የቀረውን ከሰዓት ሙሉ ሲተረትሩ ዋሉ። እናቷ የተሰፋውን በምላጭ ትፈታለች፣ እትዬ ጫፉን ፈልገው ይስባሉ፣ ሚጣ ደግሞ የሚመጣውን ክር ልቃቂት ታደርጋለች። ሲሠራ ሰዓታት የፈጀ ሹራብ ሲተረተር እንዴት እንደሚፈጥን አይታ አታውቅም ነበር። ክሩ እንደ ተጠቀለለ ፀጉር ተጨማዶ ይመጣል። እንዲህ እንዳለ ደግሞ አይሠራበትም፤ ታጥቦ፣ ክብደት ተንጠልጥሎበት፣ ተወጥሮ መድረቅ አለበት። ከአሥረኛው ልቃቂት በኋላ የሚጣ ጠቋሚ ጣት ቀላ፤ ከሃያኛው በኋላ መቁጠሯን ተወች።

በዚህ መሐል ነው እናቷ የተናገረችው። ቃላቱን ስትመርጥ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ከነገ ጀምሮ ፊትና ጀርባውን፣ ሥራ ስትለምናት የከረመችው የጎረቤት ልጅ ብትይዘው እንደሚሻል፣ እትዬ ደግሞ ክር ጫፍ እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ አረፍ ብለው ቢሠሩ ለዓይናቸውም ጥሩ እንደሆነ ነገረቻቸው። እትዬ ነገሩ ሳያልቅ ተቀበሉት። ደግ ማሰቧን፣ እሳቸውም ይህን ማለት ሲገባቸው አፍረው መቅረታቸውን፣ ዓይን ደግሞ ከከዳ ምን ይደረጋል ማለታቸውን ሚጣ ልቃቂቱን እያዞረች ሰማች። ሁለቱም ሴቶች እየተናገሩ እጃቸው አላቆመም። አንዳቸውም የሌላዋን ፊት አላዩም።

ሊመሽ ሲል እትዬ ነጠላቸውን አድርገው በሩ ጋ ቆሙ። «አየሽ ልጄ» አሏት ሚጣን፣ እየቀለዱ ለመምሰል እየሞከሩ፣ «መቁጠር እኮ ሕፃን እንኳ የሚችለው ነገር ነበር።»

ሚጣ ልቃቂቱን አስቀምጣ ደህና ይደሩ አለቻቸው።

በማግሥቱ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። የሒሳቡ መምህር የቀኑንም የማታውንም ተማሪ ስለሚያስተምሩ ድምፃቸው ከማክሰኞ ጀምሮ ይዘጋል። ዛሬም ብዙ ላለመናገር ሰሌዳው ላይ አንድ ሠንጠረዥ ሠርተው፣ ከላዩ «ፈንክሽን» ብለው ጽፈው ዞሩ። በግራው ረድፍ «ግብዓት» በሚለው ሥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይላል። በቀኙ «ውጤት» በሚለው ሥር ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት። ከሁሉም በታች በግራ በኩል አሥር ተጽፎ ቀኙ ባዶ ነው።

«ማን ይሞላልኛል?» አሉ።

«ቻርጅ ትሙላው» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ክፍሉ ሳቀ። ቻርጅ የሚሏት ሚጣን ነው። ማዛጋት ስለምታበዛ አንዱ «ባትሪዋ አልቋል» ብሎ ስሙ በዚያው ወጣባት። መምህሩ ሳቃችሁን ለፈተናው አስቀምጡት አሉና ጠመኔውን ዘረጉላት።

ሚጣ የቀኙን ረድፍ ወደ ታች ወረደችበት። በሁለት በሁለት ነው። 15 ብላ ጻፈች። ግማሹ ክፍል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እንዴት አገኘሽው?»

«በሁለት በሁለት ነው የሚጨምረው፣ ቲቸር።»

«መልካም። ከአራት እስከ አሥር ስንት እርምጃ ነው?»

ሚጣ የግራውን ረድፍ አየች። እስካሁን አላየችውም ነበር። «ስድስት።»

«አንቺ ስንቱን ተራመድሽ?»

ሚጣ ወደ ጻፈችው 15 ዞር አለች። መምህሩ አልተቆጡም፤ ለመቆጣትም አቅም ያላቸው አይመስሉም። ጠረጴዛቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው ተናገሩ። «ወደ ታች ብቻ ነው ያየሽው። ወደ ታች ስታዪ ቁጥሮቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲያወሩ ነው የምትሰሚው። ደንቡ ያለው ወደ ጎን ነው። አንድ ገባ፣ ሰባት ሆኖ ወጣ። ምን ቢደረግ ነው?»

«ስድስት ቢደመርበት።»

«ሁለት ላይ ሞክሪው።»

ሁለት ሲደመር ስድስት ስምንት ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ግን ዘጠኝ ነው። ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው የማይሠራ ከሆነ አጋጣሚ እንጂ ደንብ አይባልም አሉ መምህሩ፤ ደንብ የሚባለው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሲሞከር የሚጸና ነው። ግራው በአንድ ሲጨምር ቀኙ በሁለት የሚጨምር ከሆነ እያንዳንዱ አንድ ሁለት ይዞ ይመጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ በሁለት አባዢ። ሚጣ አባዛች። አንድ በሁለት ሁለት፤ ሰባት ለመሆን አምስት ይቀረዋል። ሁለት በሁለት አራት፤ ዘጠኝ ለመሆን አምስት ይቀረዋል። ሦስት በሁለት ስድስት፤ አሁንም አምስት። የሚያድገው ክፍል ያድጋል፣ አምስቱ ግን በየመስመሩ ንቅንቅ ሳይል ይጠብቃታል። አሥራ አምስትን በመዳፏ አጥፍታ 25 ጻፈች።

«ገባሽ?»

ገብቷታል። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ የሒሳብ ነገር እስከ ታች ድረስ ወለል ብሎ ሲገባት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስታው ግን ወንበሯ ጋ እስክትደርስ እንኳ አልቆየላትም። በዴስኮቹ መካከል እየተመለሰች ሳለ፣ በሦስት በሦስት የሚወርድ ሌላ ረድፍ ዓይኗ ላይ መጣ፤ ከእሱ አጠገብ ደግሞ ከአርባ ሁለት በኋላ በአንድ ሳይሆን በሁለት የሚዘል ሌላ ረድፍ።

ተቀምጣ የደብተሯን የመጨረሻ ገጽ ገለጠች። ሠላሳ፣ ዘጠና አራት። ሠላሳ በሦስት ዘጠና፤ አራት ይቀራል። ሠላሳ አንድ በሦስት ዘጠና ሦስት፤ አራት። አርባ ሁለት በሦስት መቶ ሃያ ስድስት፤ አራት። አራቱ ከየት እንደመጣም ታውቃለች። እናቷ ስትሰፋ «ከዚህ ሁለት መርፌ፣ ከዚያ ሁለት መርፌ ስፌት ይበላዋል» ስትል ዕድሜ ልኳን ሰምታለች። ለሃምሳው መቶ ሃምሳ ከአራት ነው የሚያስፈልገው። እሷ የጻፈችው መቶ አርባ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት መርፌ ጎደለ፤ ለሦስት ሲካፈል አራት ሴንቲሜትር። ሃምሳ ሲቀነስ አራት፣ አርባ ስድስት። የእናቷ ሜትር ያለው ይህንኑ ነው።

ለአርባ አራቱ አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ነው የጎደለው፤ ለዚያ ነው ልጅቷ ትንሽ ያዝ አደረገኝ ያለችው። ቁጥሩ ወደ ታች በሄደ መጠን ስሕተቱ እየሰፋ ሄዷል። እትዬ አንዲት መርፌ አልሳቱም።

«ምን ሆንሽ? ነጣሽ እኮ» አለቻት አብራት የምትቀመጠው ልጅ። እሷን ደግሞ ሬዲዮ ነው የሚሏት፤ ባትሪ የማያስፈልገው ሬዲዮ።

በዕረፍት ሰዓት ሚጣ ከውኃው ቧንቧ አጠገብ ሁሉንም ነገረቻት። ሬዲዮ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳታቋርጥ ሰማች፤ ይህ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ነበር።

«በእርሳስ ነው ወይስ በእስክሪብቶ የጻፍሽው?» አለች ከዚያ።

«በእርሳስ።»

«በቃ ተገላገልሻ። ላጲስ ታዲያ ለምን ተሠራ?»

የሬዲዮ ሐሳብ የሚናቅ አልነበረም። ዛሬ አዲስ ሥራ ይጀመራል፣ አይደል? ቁጥሩ ቀድሞ ከተስተካከለ ሹራቦቹ ልክ ሆነው ይወጣሉ፣ ዓርብም ይደርሳል፣ እናቷም አትናደድም። ካርዱን ለሚጣ የሰጠቻት አምናት ነው፤ አሁን ብትናገር ሁለተኛ ምንም አታምናትም። ሴትየዋም ቢሆኑ ደክሟቸዋል፤ ጫፍ መቁረጥ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። «እንደውም ለእሳቸው ጽድቅ ነው» አለች ሬዲዮ። ሚጣ ስትሰማት አንዱም ቃል ውሸት አልመሰላትም። ያደከማትም እሱ ነው።

ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጓሮው በክር ተሞልቶ ነበር፤ ከገመዱ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮበት ቀጥ ብሏል። እናቷ የደረቀውን እየነካካች በክንዷ ላይ ትሰበስባለች። የጎረቤት ልጅ አሥር ሰዓት ላይ እንደምትመጣ ነገረቻት። ምሳሽ ተከድኗል፣ ብዪ አለቻት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

እትዬ ውስጥ ናቸው። የግራውን ማሽን መሳቢያ ከፍተው በውስጡ የነበረውን አንድ በአንድ እያወጡ በጨርቅ ላይ ይደረድራሉ። አንዲት የዘይት ጠርሙስ፣ አጭር ካቻቪቴ፣ በወረቀት የተጠቀለሉ መለዋወጫ መርፌዎች፣ ግማሽ ከረሜላ። ማሽኑን ቀድመው ወልውለውታል። ለሚመጣው ሰው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቅ ማለታቸው ይሆናል።

«ዋልሽ ልጄ» አሏት ቀና ሳይሉ።

ሚጣ ካርዱን ከሚስማሩ ላይ አወረደችው። ምን ልታደርጊው ነው ያላት የለም። ማንም አለማለቱ ልቧን ይበልጥ አስጨነቀው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ላጲሷን አወጣች።

አራቱ ቁጥሮች በቀላሉ ጠፉ። ፍርፋሪውን እፍ ብላ 136፣ 142፣ 148፣ 154 ጻፈች። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ወደ ጎን ሞከረችው። በሦስት ማባዛት፣ አራት መደመር። ሁሉም ጸና። ካርዱን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ካልሆነ የድሮው አሻራ አይታይም፤ ይህን ካርድ ደግሞ ጠጋ ብሎ የሚያይ የለም። አሁን ወጥታ ብትሰቅለው አለቀ። የጎረቤት ልጅ መጥታ መቶ ሃምሳ አራት መርፌ ታነሣለች፣ ሹራቡ ሃምሳ ሆኖ ይወጣል።

ሃምሳ ሆኖ ሲወጣ እትዬ እዚያው ወንበር ላይ፣ መቀስ ይዘው፣ ጫፍ እየቆረጡ ያዩታል። በሌላ ሰው እጅ ልክ መጣ ማለት ነው። ያኔ የዓይናቸው ነገር ያለቀለት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊነግራቸው አይችልም፤ ከሬዲዮ ሌላ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እዚህ አልጋ ላይ ተቀምጧል።

ሚጣ ድካም ተሰማት፤ እንቅልፍ የማያስለቅቀው ዓይነት ድካም። ዝም ማለት እንዴት ቀላል ሥራ ነው፤ ምንም አያስነሣም፣ ምንም አያስኬድም። ካርዱን ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

ከዚያ ላጲሷን አንሥታ አዲሶቹን ቁጥሮች አጠፋቻቸው። እርሳሷን ጫን አድርጋ፣ እናቷና እትዬ ስሕተቱን እንደነበረ እንዲያዩት፣ በዚያው በድሮው ቦታ፣ 133፣ 136፣ 139፣ 142 ብላ መልሳ ጻፈች። ያኔ እያዛጋች የጻፈቻቸውን ቁጥሮች አሁን እያወቀች ጻፈቻቸው።

ስትወጣ እትዬ ጨርቁን እየቋጠሩ ነበር። ለአንድ አፍታ ወደ ጓሮ እንዲመጡላት ለመነቻቸው። ለእናቷ ብቻ መንገር ይቀላት ነበር፤ ለዚህ ነው እሳቸውም እንዲኖሩ የፈለገችው።

እናቷ ክሩን እስከ አገጯ ታቅፋ ቆማ ነበር። «እጄ ተይዟል፣ ኋላ አሳዪኝ።»

«ኋላ አይሆንም እማ። እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ከአርባ ሁለት ጀምረሽ አንብቢው።»

እናቷ ግራ ገብቷት አነበበች። ይህን ደንብ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ የጠየቃት ስላልነበረ ጣቷ ላይ ብቻ ሲኖር የነበረ ነገር ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሚጣ አየች። አርባ ሁለት ላይ ራሷን ነቀነቀች። አርባ አራት ላይ ከንፈሯ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ ቆመ። እስከ ሃምሳ ወረደች። ከዚያ ዓይኗን ከካርዱ ላይ ሳታነሣ ማን እንደጻፈው ጠየቀች፤ መልሱን የማታውቅ ይመስል።

«እኔ ነኝ» አለች ሚጣ። «በሦስት በሦስት መስሎኝ ነው። ግራው በሁለት እንደሚዘል አላየሁም። ዛሬ ክፍል ውስጥ ነው የገባኝ። ለሃምሳው መቶ ሃምሳ አራት ነበር። እትዬ የቆጠሩት ልክ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ክሩን እንደታቀፈች ዝቅ ብላ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ ትናንት ሜትሩን ስትጠቀልል ከነበረው ይበልጥ ደክሞ ታየ። ሠላሳ ስድስት ቁራጭ፣ አለች ለራሷ። ቀጥላም ሳላየው እንዲሰቀል የተውኩት እኔ ነኝ አለች፤ ይህንንም ለራሷ።

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና ጠጋ አሉ። ጣታቸውን መጨረሻው መስመር ላይ አሳረፉ።

«መቶ አርባ ሁለት» አሉ። «እሱን ነው ያነሣሁት። ሁለቴ ቆጥሬ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ሳነሣው እኮ እጄ አንሷል ብሎኝ ነበር። እጄን ነው የተጠራጠርኩት።» ሚጣን ትክ ብለው አዩዋት። ሚጣ ቁጣ ጠበቀች፣ ምርቃትም ጠበቀች። ሁለቱም አልመጡም። እትዬ እንዳመጣጣቸው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ የዘይቷ ጠርሙስ መሳቢያው ውስጥ ስትቀመጥ ተሰማ፤ ከዚያ ካቻቪቴው።

እናቷ ከደረጃው ላይ አልተነሣችም። «ዓርብ እንደሆነ ንቅንቅ አይልልንም» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «የጎረቤት ልጅ ልትመጣ ነው። ማሽን አገኘሁ ብላ እናቷን ሳታስደስት አልቀረችም።»

«እኔ ልንገራት?»

«ምን ብለሽ?»

ሚጣ አሰበች። ሥራው ቀርቷል ማለት ይቻላል። እትዬ ተሽሏቸዋል ማለትም ይቻላል፤ ይህን ማንም አይጠይቅም።

ካርዱን ለልጅቷ ልታሳያት በብብቷ ያዘችና ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ አለች። አሥር ሰዓት ሳይሞላ፣ ልጅቷ ከቤቷ ሳትወጣ መድረስ አለባት።